«ሚሊዩ ዲቪን»ን ከማር ይስሐቅ ጎን ስናነበው

እንደሚታወቀው በጅቡቲ ከተማ ትምህርት ቤት የሚገባ የኢትዮጵያዊ ልጅ ትምህርቱን የሚከታተለው በፈረንሳይኛ ነው። አማርኛ የቤቱና የቤተ ክርስቲያኑ ቋንቋ ሆኖ ይቀራል። ባለፈው ዓመት ፍልስፍና ይማር የነበረ አንድ ተማሪ፣ «እግዚአብሔር በሰው ውስጥ እንዳለ የተረዳሁት ከፈረንሳይኛ መጽሐፍ ነው፤ የእኛ ሰዎች ያስተማሩኝ ጾምና በዓል ብቻ ነው» አለን። መጽሐፉ የፒዬር ቴያር ደ ሻርደን «ሚሊዩ ዲቪን» ነበር። ልጁን ከመገሠጽ መጽሐፉን ተውሶ ማንበብ ይሻላል ብለን አነበብነው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዘመናት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ደራሲው ለዚህ አገር ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። በ1881 ፈረንሳይ አገር የተወለደው ቴያር የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን፣ በሙያውም የቅሪተ አካል ተመራማሪ ነበር። መጽሐፉን የጻፈው ከ1926 እስከ 1927 በቻይና፣ በቲየንትሲን ከተማ ሲሆን፣ በ1928 መጨረሻ ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ማዶ ወዳለችው ኦቦክ፣ ወደ ወዳጁ ወደ ሄንሪ ደ ሞንፍሬድ ዘንድ መጣ። እስከ 1929 መጀመሪያ ድረስ የአካባቢውን ዓለቶች መረመረ፤ በድሬዳዋ አጠገብ ያለውንም ዋሻ አየ። አስተናጋጁ የጦር መሣሪያና የሐሺሽ ንግዱን በገዛ መጻሕፍቱ የተረከ ሰው መሆኑ ፈገግ ያሰኛል። ዓለምን ውደዱ ብሎ የጻፈ ካህን ዓለምን ከነጉዷ አገኛት ማለት ነው።

መጽሐፉ በመጀመሪያው ክፍል ሰው የሚሠራውን፣ በሁለተኛው ክፍል በሰው ላይ የሚደርሰውን፣ በሦስተኛው ሁለቱ የሚገናኙበትን ይመረምራል። የቴያር ዋና ክርክር፣ የሥራ ሰዓቱን ከእግዚአብሔር የተሰረቀ ሰዓት አድርጎ የሚቆጥር ክርስቲያን ሕይወቱ ለሁለት ተከፍሎበታል የሚል ነው። እንደ እርሱ አስተያየት ወደቡ ላይ ጆንያ የሚሸከመው፣ እኛም የፈተና ወረቀት የምናርመው፣ እግዚአብሔርን የምናገኘው ሥራውን ጨርሰን ሳይሆን በሥራው ውስጥ ነው። ይህን ለምእመናን በግልጽ መናገሩ ትልቅ ነገር ነው። ስለ በሽታ፣ ስለ እርጅናና ስለ ሞት የጻፈውም እንዲሁ ችኩል አይደለም፤ ክፉን በሙሉ ኃይል መታገል ይቀድማል፣ መቀበል የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው ይላል። ሕይወቱም ይህን ይመስላል። ሃይማኖታዊ ጽሑፎቹን እንዳያሳትም ስለ ተከለከለ መጽሐፉ በታይፕ ተባዝቶ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ኖረ። የታተመው እርሱ በሞተ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1957 ነው።

ችግር የገጠመን ርእሱን ወደ አማርኛ ስንመልስ ነው። «መለኮታዊ አካባቢ» ብንል ሰፈር መሰለብን። «መለኮታዊ ማእከል» ብንል ግማሹ ቀረ፤ የፈረንሳይኛው ቃል መካከልንም ዙሪያንም በአንድነት ይይዛልና። እግዚአብሔር በውስጤ አለ፣ እኔም በእርሱ ውስጥ አለሁ የሚለውን ሁለት አሳብ አንድ የሚያደርገው ይህ ቃል ነው። ብዙ ከተከራከርን በኋላ አንድ ባልደረባችን ያመጣልን ቃል ከመጻሕፍተ መነኮሳት ትርጓሜ የመጣ ነበር፤ ይኸውም ተሰጥሞተ ብርሃን ነው። በብርሃን ውስጥ መስጠም ማለት ነው።

በሊቃውንቶቻችን ትምህርት የመንፈሳዊ ሰው መዓርጋት ዐሥር ሲሆኑ ሦስቱ የንጽሐ ሥጋ፣ አራቱ የንጽሐ ነፍስ፣ ሦስቱ የንጽሐ ልቡና ናቸው። የሚጀመረው ከጽማዌ፣ ማለት ከዝምታ ነው። አንብዕ፣ ማለት ዕንባ፣ በመካከለኛው ክፍል ይገኛል። ተሰጥሞተ ብርሃን ግን በመጨረሻዎቹ መዓርጋት ነው። እንግዲህ ቴያር መጽሐፉን የሚጀምረው የእኛ መነኮሳት መሰላሉን ሊጨርሱ ከተቃረቡበት ቦታ ነው። እርሱ ሁላችሁም አሁኑኑ ሰጥማችኋል፣ ዓይናችሁን ክፈቱ ይላል። እነርሱ ደግሞ ዓይን እንዲከፈት ብዙ ዘመን ዝምታና ዕንባ ያሻል ይላሉ።

ተማሪያችን ከፈረንሳይ የመጣ የመሰለው ትምህርት በእኛ ዘንድ ምን ያህል የቆየ እንደ ሆነ ለማየት ማር ይስሐቅን መክፈት ይበቃል። ይስሐቅ የ7ኛው መቶ ዓመት ሰው ነው፤ የተወለደው ዛሬ ኳታር በምትባለው አገር አካባቢ ሲሆን የነነዌ ጳጳስ ሆኖ ተሾመ፤ አምስት ወር ያህል ቆይቶ ሹመቱን ትቶ ወደ ብሕትውና ተመለሰ። ወደ ሰማይ የሚያደርሰውን መሰላል ሰው በገዛ ነፍሱ ውስጥ እንዲፈልግ ያስተምራል። አረጋዊ መንፈሳዊ የምንለው ደግሞ፣ ተመራማሪዎች እንደሚሉት፣ በ8ኛው መቶ ዓመት የነበረው ዮሐንስ ዘዳልያታ ነው። እርሱም እንደ ቴያር በገዛ ቤተ ክርስቲያኑ ተጠርጥሮ፣ በፓትርያርክ ጢሞቴዎስ ቀዳማዊ ዘመን ተወግዟል። የሚያስገርመው ሁለቱም ቤተ ክርስቲያናችን በንስጥሮስ ምክንያት ከምታወግዘው የምሥራቅ ሶርያ ወገን መሆናቸው ነው። ጽሑፋቸው ግን በዐረብኛ በኩል ወደ ግዕዝ ተሻግሮ የመነኮሳታችን መማሪያ ሆነ። የሃይማኖት ክርክር ያልከፈተውን በር ጸሎት ከፍቶታል ለማለት ያስደፍራል።

ስለዚህ ልጁ ተሳስቷል፤ ነገር ግን ስሕተቱ የእርሱ ብቻ አይደለም። ከአራቱ የትርጓሜ ጉባኤያት ብሉይ፣ ሐዲስና ሊቃውንት በስብከት በኩል ጥቂት ጥቂት ወደ ምእመናን ይደርሳሉ። አራተኛው፣ የመነኮሳቱ፣ በስሙ ምክንያት ለመነኩሴ ብቻ ተትቷል። እኛ መምህራን ራሳችን ለተማሪዎቻችን የምንነግራቸው የትኛው ቀን እንደሚጾም ነው፤ ጾሙ ወደ ምን እንደሚያደርስ ተጠይቀን የመለስንበት ቀን ትዝ አይለንም። ቴያር በልጦ የተገኘው እዚህ ላይ ነው። አንባቢውን ቆብ አልጠየቀውም።

ይሁን እንጂ የሚጎድለው አለ። አዳዲስ ቃላት መፍጠር ስለሚወድ አንዳንዱ ገጽ ለተማሪ እንቅፋት ነው፤ የእኛ አንድምታ ከባዱን ምሥጢር በእርሻና በቤት ዕቃ ምሳሌ ያቀልላል። ከዚህም የሚከብደው፣ ቴያር ዓይኑ ወደ ፊት ወደ ታላቁ ፍጻሜ ስለሆነ በመንገድ ዳር የቀረውን ትንሹን ፍጡር ቶሎ ማለፉ ነው። ማር ይስሐቅ መለኮት ያደረበትን ልብ የሚያውቀው በርኅራኄው ነው፤ ለሰው፣ ለወፍ፣ ለሚሳብ እንስሳ፣ ለአጋንንት እንኳ ሳይቀር የሚያዝን ልብ ነው። ይህ መለኪያ ከጥላ ሥር ተኝቶ ለሚያድረው የጉልበት ሠራተኛ ይደርሳል። የቴያር መለኪያ ይደርስለት እንደ ሆነ አልታየንም።

ከቀትር በኋላ ከተማው በሙቀቱ ምክንያት ጸጥ በሚልበት ሰዓት ከልጁ ጋር ማር ይስሐቅን ከነትርጓሜው ማንበብ ጀምረናል። በመጀመሪያው ቀን፣ «ይህ የመነኩሴ መጽሐፍ ከሆነ እኔን ምን አገባኝ?» ብሎ ጠየቀን። ከቴያር መጽሐፍ አንድ ገጽ ወደ አማርኛ መልሶ እንዲያመጣ ነገርነው። በሳምንቱ አመጣው። «ሚሊዩ» የሚለው ቃል ባለበት ላይ በመጀመሪያ «ተሰጥሞ» ጽፎ ነበር፤ ሰርዞ ፈረንሳይኛውን መለሰበት፤ ከዚያም በእርሳስ፣ በትንሹ፣ «ገና» ብሎ በኅዳጉ ጽፎበታል።