ንቡ ላልመጣላቸው፤ በደብረ ብርሃን ሥላሴ ታሪክ ላይ ስለሚሰጠው ትርጓሜ ሐተታ

በ1880 ዓ.ም. በጥር ወር የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በደንቢያ ሳር ውሃ ላይ በደርቡሽ ጦር ድል ከተነሡ በኋላ፥ የአቡ አንጃ ሠራዊት ወደ ጎንደር ወጥቶ ከተማዪቱን ዘረፈ፤ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ብዙዎቹን አቃጠለ፤ ከሕዝቡም ብዙውን ገደለ፥ ማረከም። ከዚያ እሳት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈች። አበው ሲናገሩ፥ ጠላት ወደ ቅጽሩ በቀረበ ጊዜ የንብ መንጋ ወጥቶ አሳደደው፤ የመላእክት አለቃ ቅዱስ ሚካኤልም የእሳት ሰይፍ መዝዞ በደጁ ቆመ ይላሉ። ይህን ታሪክ በጎንደር ልጅ ዐዋቂው ሁሉ ያውቀዋል፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ ከነገሥታቱ ግንብ ጋራ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበች ወዲህም ከሩቅ አገር ለሚመጣው እንግዳ ይነገራል።

በዚህ ሐተታ የሚመረመረው ታሪኩ አይደለም። ታሪኩ የምስጋና ታሪክ ነው፤ የዳነ ሰው ያዳነውን ማመስገኑ የተገባ ነው። ንብ በእግዚአብሔር ትእዛዝ አይወጣም የሚል ቢኖር የግብፅን ቍንቍንና ዝንብ የሚያወሳውን ኦሪት ይመልከት። የሚመረመረው በስብከት ጊዜ በታሪኩ ላይ የሚጨመረው ትርጓሜ ነው።

ትርጓሜው ሦስት ደረጃ አለው። የዚያች ቤተ ክርስቲያን ካህናት በእግዚአብሔር ታመኑ፥ ዳኑም ይላል፤ ይህ አይነቀፍም። ቀጥሎ፥ እንግዲህ የታመነ ሁሉ ከመከራ ይድናል ይላል፤ ይህ ያጠራጥራል። ሦስተኛውን ሰባኪው በአፉ አይናገረውም፤ ሰሚው ግን ወደ ቤቱ ሲመለስ በልቡ ይፈጽመዋል፤ ይኸውም ያልዳነ ሰው ሳይታመን ቀርቶ ነው የሚለው ነው። በሬው የሞተበት ገበሬ፥ ልጇ በንዳድ የሞተባት እናት፥ ይህን ትርጓሜ ሰምተው ሲሄዱ በኀዘናቸው ላይ ሁለተኛ ኀዘን ተሸክመው ይሄዳሉ። ጎተራው የሞላው ሰው ደግሞ እህሉን የእምነቱ ምስክር አድርጎ ይቈጥረዋል። ስለዚህ ነገሩ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም።

አስቀድሞ የአገሪቱን ታሪክ መጠየቅ ይገባል። በዚያው ጥር ወር በሌሎቹ የጎንደር አድባራት የነበሩት ካህናት ምን ይሠሩ ነበር? ያንኑ ዳዊት ይደግሙ፥ ያንኑ ቅዳሴ ይቀድሱ፥ በዚያው ጥምቀት ያንኑ ምሕላ ያደርሱ ነበር። በአንዱ ቅጽር ያለው እምነት ሙሉ፥ ከዚያ ማዶ ባለው ቅጽር ያለው ጎዶሎ ነበር ብሎ የሚፈርድ ማን ነው? ደግሞም ጎንደር የተቃጠለችው በደርቡሽ እጅ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ ሃያ ዓመት ያህል ቀድሞ በ1859 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ከተማዪቱን ከነአድባራቷ አቃጥለዋል፤ እርሳቸውም የተጠመቁ ንጉሥ ነበሩ። በዚያን ጊዜ ለተቃጠሉት አድባራት የንብ ታሪክ አይነገርላቸውም።

ከዚህም የሚከብድ አለ። ዐፄ ኢያሱ አድያም ሰገድ ያሠሯት የመጀመሪያዪቱ ደብረ ብርሃን በመብረቅ ጠፍታለች፤ ዛሬ የመላእክት ፊት በጣራዋ ተሥሎ የምትታየው ከእርስዋ በኋላ የተሠራችው ናት። መብረቅን ደርቡሽ አይወረውረውም። ንቡን ያዘዘ እግዚአብሔር መብረቁንም ያዝዛል። እንግዲህ ንቡ ስለ ካህናቱ እምነት ከመሰከረ መብረቁ ስለ ማን ክሕደት ሊመሰክር ነው? ስለ ማንም አይመሰክርም። ሰባክያን ግን ይህ ጥያቄ እንዳይነሣ ይመስላል፥ ንቡን አንሥተው መብረቁን ይተዉታል።

መጻሕፍትም ወደዚሁ ይመራሉ። ሐዋርያው ወደ ዕብራውያን በጻፈው መልእክት በ11ኛው ምዕራፍ ስለ እምነት ኃይል ሲቈጥር ከ33ኛው ቁጥር ጀምሮ የአንበሳን አፍ የዘጉትን፥ የእሳትን ኃይል ያጠፉትን፥ ከሰይፍ ስለት ያመለጡትን ያነሣል። ብዙ ስብከት እዚህ ላይ ይቆማል። ሐዋርያው ግን አይቆምም። በዚያው ትንፋሽ የተደበደቡትን፥ የታሰሩትን፥ በመጋዝ የተሰነጠቁትን፥ በሰይፍ የታረዱትን፥ የበግና የፍየል ሌጦ ለብሰው የተንከራተቱትን ይጨምራል፤ ሁለቱንም ወገን በአንድ እምነት የተመሰከረላቸው ይላቸዋል። ከሰይፍ ያመለጠውና በሰይፍ የሞተው በአንድ መዝገብ ተጽፈዋል። ዓለም ለእነርሱ እንዳልተገባች የሚናገረውም ስለ እነዚህ ስለ ኋለኞቹ፥ ንቡ ስላልመጣላቸው ነው።

የጎንደር መምህራን ትርጓሜ ይህን ምዕራፍ በአንድ ወገን ብቻ ማንበብን አይወድም። ላይ ቤትም ሆነ ታች ቤት፥ ከመምህር ኤስድሮስም በፊት ሆነ በኋላ፥ ልማዱ አንድም ብሎ ሁለተኛውን፥ ደግሞም አንድም ብሎ ሦስተኛውን ማምጣት ነው፤ ተማሪ አንዱን ብቻ ይዞ እንዳይሄድ። በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የወንጌል ንባብና ትርጓሜ በታተመ ጊዜ በየሊቁ አፍ የኖረው ልማድ ወደ ማኅተም ገባ። እንግዲህ በጉባኤ አንድምታ የተማረ ሰው ዐውደ ምሕረት ላይ ሲወጣ አንዱን ትቶ አንዱን ብቻ ቢናገር የተማረበትን ቤት ልማድ ያፈርሳል። ይህ ነቀፋ ከውጭ የመጣ ነቀፋ አይደለም፤ በገዛ ሚዛኑ መመዘን ነው።

ሌላም አለ። በ90ኛው መዝሙር እግዚአብሔርን የተጠጋ ሰው ከወጥመድ፥ ከቸነፈር፥ ከሚበርር ፍላጻ እንደሚጠበቅ፥ መላእክትም በእጃቸው እንደሚያነሡት ተነግሯል። በዚህ መዝሙር ያልተጽናና ክርስቲያን የለም። ነገር ግን በማቴዎስ ወንጌል በ4ኛው ምዕራፍ ይህንኑ መዝሙር የጠቀሰው ማን እንደ ሆነ መርሳት አይገባም። ጥቅሱ እውነት ነበር፤ በጥቅሱ የተጠየቀው ነገር ግን ፈተና ነበር፤ ጥበቃውን በእጅህ እንደ ገባ ዋስ ይዘህ ከመቅደሱ ጫፍ ዝለል ማለት ነውና። ጌታም መዝሙሩን አላስተባበለም፤ መዝለሉን ግን እንቢ አለ። እግዚአብሔርን መታመንና እግዚአብሔርን ማስያዝ ሁለት መሆናቸው እዚህ ላይ ይታወቃል። በባቢሎን የነበሩት ሦስቱ ወጣቶችም በትንቢተ ዳንኤል በ3ኛው ምዕራፍ ለንጉሡ ሲመልሱ፥ አምላካቸው ሊያድናቸው እንዲችል ተናገሩ፤ ባያድናቸውም እንኳ ለጣዖቱ እንዳይሰግዱ አስታወቁ። እምነታቸው የታየው እሳቱ ከመብረዱ በፊት ነው። በሰሊሆም ግንብ ስለ ሞቱት 18 ሰዎችም በሉቃስ ወንጌል በ13ኛው ምዕራፍ ጌታ የፈረደውን ማስታወስ ይበቃል፤ ከሌሎቹ ይልቅ ኃጢአተኞች ነበሩ ማለትን ከልክሏል።

ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ፥ መታመን ማለት ታዲያ ምንድር ነው የሚለው ጥያቄ ይቀራል። መልሱን ደርቡሽ ከወጣ በኋላ በመጣው ዘመን መፈለግ ይሻላል። ጣልያን ለሠራዊቱ ብሎ በምጽዋ ካስገባው ከብት የተነሣ በሽታ በአገሩ ሁሉ ተዛምቶ በሬውን ፈጀው፤ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለው ጊዜ ክፉ ቀን ተባለ። ማሳ ሳለ የሚያርስ በሬ ጠፋ። ምሕላ ተያዘ፤ መያዙም የተገባ ነበር። ነገር ግን በምሕላው ጊዜ ሰው እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቈፈር ለመኳንንቱ ምሳሌ ሆኑ። በሬ የለመደ ባላገር በዶማ መሬት ሲቈፍር ተስፋ የሚያደርገው ምንድር ነው? የሚቈፍረው የዘር እህሉን ሳይበላ አስቀርቶ ነው፤ ዘሩን ወደ አፈር ሲጥል ልጁ በቤት ተርቦ ነው፤ ዝናብም እንዲመጣ የሰጠው ሰው የለም። ነቢዩ ዕንባቆም በ3ኛው ምዕራፍ በለስ ባታፈራ፥ በረትም ከላም ባዶ ቢሆን በመድኃኒቱ ደስ እንዲለው ሲናገር ያለው መታመን ይህን ይመስላል። ስለ ንቡ በተነገረው መጠን ስለዚያ ዶማ በዐውደ ምሕረት ቢነገር ለገበሬው የበለጠ ይቀርበው ነበር።

የሰማይ ወፎችን ምሳሌም አንዳንዶች ለስንፍና፥ አንዳንዶች ለባዶ መጽናኛ ያደርጉታል። ስለ ስንፍናው ብዙ ማለት አያሻም፤ ወፍ ማለዳ ከጎጆዋ ወጥታ ስትለቅም ትውላለች። ስለ መጽናኛው ግን መናገር ያሻል። ማቴዎስ ይህን ትምህርት በ6ኛው ምዕራፍ ይጽፈዋል፤ ሉቃስ ደግሞ በ12ኛው ምዕራፍ። ሰባክያን የማቴዎስን ይወዳሉ። ሉቃስ ግን ነገሩን የት እንዳኖረው ይታይ። በፊቱ ከ16ኛው ቁጥር ጀምሮ እርሻው ስለ ሰመረለት፥ ጎተራውን አፍርሶ የሚበልጥ ጎተራ ሊሠራ ስላሰበ፥ በዚያችም ሌሊት ነፍሱ ስለ ተጠየቀችበት ባለጠጋ ይናገራል። ከዚያ ቍራዎችን ያመጣል፤ ጎተራ የላቸውም፥ እግዚአብሔር ግን ይመግባቸዋል ይላል። ከዚያም በ33ኛው ቁጥር ያለውን ሸጦ ስለ መመጽወት ያዝዛል። ጎተራ፥ ቍራ፥ ምጽዋት፤ ተራው ይህ ነው። መካከለኛውን ብቻ ነቅሎ ለድኻ መስበክ ፊተኛውንና ኋለኛውን ከባለጠጋ መሰወር ነው።

ይህን ለማየት ከጎንደር ሩቅ መሄድ አያሻም። ከወገራና ከደብር መንደር ለትምህርት የመጣ የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ በዱላው ውሻ እየመከተ፥ በየደጁ ስለ ማርያም ብሎ ይቆማል። የነገ ስንቅ የለውም፤ በአኩፋዳው ያለው የዛሬ ነው። አቡነ ዘበሰማያት በደገመ ቍጥር የዕለት ምግብን ለዕለት ብቻ የሚለምነው እርሱ ነው ቢባል እውነት ነው፤ መምህራንም ለዚህ ያመሰግኑታል። ነገር ግን ከደጁ ወዲያ ያለችው ሴት ስትረሳ ይታያል። ለተማሪው ቍራሽ እንጀራ የሚያመጣለት ቍራ አይደለም፤ ከሌማቷ ቈርሳ የምትሰጠው እርስዋ ናት። እርስዋም ስትሰጥ፥ በተለይ በክረምት፥ የነገን ጉድለት ታያለች። ተማሪው በመለመኑ ከታመነ እርስዋ በመስጠቷ ታምናለች፤ የእርስዋም መታመን ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይደለም፤ እርሱ የሚያጣው የለውም፥ እርስዋ ግን አላትና። የጎንደር ትምህርት ከሁለት ቃጠሎ በኋላ ያልጠፋው በሊቃውንቱ ትጋትና በእንደዚህ ያሉት ሴቶች ሌማት ነው፤ የሊቃውንቱ ስም ተጽፏል፥ የሴቶቹ ስም አልተጻፈም።

በሐምሌ አንድ ቍና ገብስ አበድሮ በታኅሣሥ ሁለት ቍና የሚቀበለው፥ ወይም ዋጋው እስኪወጣ ጎተራውን የሚዘጋው ሰውስ በማን ታምኗል? ዳዊቱን በየማለዳው ሊደግም ይችላል። መጽሐፈ ምሳሌ ግን በ11ኛው ምዕራፍ በ26ኛው ቁጥር እህልን የሚሰውረውን ሕዝብ እንደሚረግመው ይናገራል። የሰው እምነት በሰላም ጊዜ የሚታወቀው በቍናው አፍ ነው፤ ደርቡሽ በየዓመቱ አይመጣም፥ ክረምት ግን በየዓመቱ ይመጣል።

ይህን ለሰባክያን የሚያመች አንድ ነገር አለ። የሥላሴ ዓመታዊ በዓል ሁለት ጊዜ ይውላል፤ አንዱ ጥር 7 ቀን፥ ሌላው ሐምሌ 7 ቀን ነው። በጥር አውድማው ተወቅቶ እህሉ ከቤት ገብቷል፤ በሐምሌ የብዙ ሰው ጎታ ጠርጓል፥ አዲሱ እህል ገና ቡቃያ ነው። አንዱ ስብከት በሁለቱ በዓላት ሳይለወጥ ሲነገር ይሰማል። በጥር የተነገረውን የንብ ታሪክ የጠገበ ሰው ሰምቶ ደስ ብሎት ይሄዳል፤ ጥር የቃጠሎው ወር ስለ ሆነ፥ ከታሪኩ ጋራ የተቃጠሉት አድባራትና ስማቸው ያልተጻፈ ካህናት አብረው ቢታሰቡ ከምስጋናው አንዳች አይጐድልም። በሐምሌ 7 ግን ሰባኪው የሉቃስን 12ኛ ምዕራፍ ከቍራዎቹ ሳይሆን ከጎተራው፥ ከ16ኛው ቁጥር ጀምሮ እስከ 33ኛው ቢያነብ፥ በቅጽሩ ውስጥ ከቆሙት መካከል ባዶ ጎታ ትቶ የመጣው ቃሉን እንደ ተግሣጽ አይሰማውም፤ የጎተራውን ቍልፍ በመታጠቂያው ቋጥሮ የመጣውም ሳይመሽ የሚሠራው ሥራ ያገኛል።