ሁለቱ ሜምኮፒዎች

ኡቡንቱ ላይ ኮምፓይል የተደረገ ፕሮግራም ፌዶራ ላይ ሲከፈት ቀድሞ የሚነሳው ፕሮግራሙ ራሱ አይደለም። ፋይሉ ውስጥ የጫኚው አድራሻ ተጽፏል። ከርነሉ አድራሻውን አንብቦ ጫኚውን ያስነሳል፤ ጫኚው ላይብረሪዎቹን ፈልጎ ከፕሮግራሙ ጋር ያገጣጥማል። አልፓይን ላይ የሲ ላይብረሪው ሙስል ስለሆነ ያ ጫኚ በቦታው የለም። ፋይሉ እዚያው ተቀምጦ ሳለ «ፋይሉ የለም» የሚል መልስ የሚመጣው ለዚህ ነው። የጠፋው ጫኚው ነው፤ መልእክቱ ግን ይህን አይናገርም።

አብዛኞቹ የሊኑክስ ዲስትሮዎች የሚጠቀሙት የሲ ላይብረሪ ጂሊብሲ ነው፤ ያ ጫኚም የእሱ ነው። በውስጡ ያለ እያንዳንዱ ፈንክሽን ከስሙ ጋር የቨርዥን መለያ አለው። ሜምኮፒን እንይ። ሥራው ባይቶችን ከአንድ የሜሞሪ ቦታ ወደ ሌላ መቅዳት ነው። ሕጉ አንድ ነው፦ ሁለቱ ቦታዎች መደራረብ የለባቸውም። በ2010 ፌዶራ 14 ይዞት የወጣው ጂሊብሲ፣ ለፍጥነት ሲል፣ በአንዳንድ ፕሮሰሰሮች ላይ ከመጨረሻው ባይት ጀምሮ ወደ መጀመሪያው መቅዳት ያዘ። ሕጉን ያከበረ ፕሮግራም ልዩነቱን አያውቀውም። ፍላሽ ማጫወቻ ግን ቦታዎቹን ያደራርብ ነበርና ድምፁ ተበላሸ። በሕጉ ካየነው ጥፋቱ የፍላሽ ነው። አድማጩ ግን ሕጉን አያውቅም።

በ2011 የወጣው ጂሊብሲ 2.14 በ64 ቢት ኤክስ86 ላይ ሁለት ሜምኮፒ ይዞ መጣ። ሪድኤልፍ በተባለው መሣሪያ ሰንጠረዡን ሲዘረጉት ሁለቱም ይታያሉ። አንደኛው ከስሙ ቀጥሎ ነጠላ @ እና 2.2.5 አለው፤ ሌላኛው ድርብ @@ እና 2.14። ድርቡ ምልክት አዲስ የሚሠራ ፕሮግራም የሚያያዝበትን ያመለክታል። ባለ ነጠላው ለቀድሞዎቹ የተተወ ነው፤ ስሙ ሜምኮፒ ቢሆንም ውስጡ መደራረብን የሚችለው ሜምሙቭ ነው። ፕሮግራሙ ሲሠራ የተያያዘበትን ቁጥር ይዞ ይዞራል፣ ጫኚውም ያንኑ ይሰጠዋል።

አዲሱ ጂሊብሲ የድሮውን ቁጥር ያውቃል፤ የድሮው የአዲሱን አያውቅም። ስለዚህ ለብዙ ዲስትሮ የሚሠራ ሰው አሮጌ ሲስተም ላይ ኮምፓይል ያደርጋል። የፓይተን ፓኬጆች ከሚመሩባቸው መስፈርቶች አንዱ የሆነው ሜኒሊኑክስ 2014 መሠረቱ ሴንትኦኤስ 7 ነው፣ ጂሊብሲው 2.17። በዚያ የተሠራው 2.39 ባለው ኡቡንቱ 24.04 ላይ ይሠራል። ሁሉንም ላይብረሪ ፕሮግራሙ ውስጥ መክተትም ይቻላል፤ ለእኔ ግን የሚያስደንቀው መገጣጠሚያው ነው።

በ2021 የወጣው ጂሊብሲ 2.34 የትሬድ ላይብረሪውን ከዋናው ላይብረሪ ጋር ቀላቀለው። የቀድሞው ፋይል ግን አልተሰረዘም። የድሮ ፕሮግራሞች በስሙ ስለሚጠሩት፣ ጫኚውም የቨርዥን ስሞቹን እዚያው ስለሚፈትሽ፣ ኮዱ ወጥቶ ስሞቹ ብቻ ቀርተውለታል።