የሰብለ ወንጌል ፊደል

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ራሱ ባያነበው እንኳ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ያልሰማ ጥቂት ነው። ብዙዎቻችን ከመጽሐፉ ይዘን የቀረነው ፍቅሩን ነው። በዛብህና ሰብለ ወንጌል ተዋደዱ፣ ዘር ለያያቸው፣ መቃብር አገናኛቸው እንላለን። እኔ ግን ከመጽሐፉ ውስጥ ሌላ ጥያቄ ላነሣ እወዳለሁ፤ ጥያቄው የፍቅር ሳይሆን የእንጀራ ነው። ሰብለ ወንጌል ማንበብና መጻፍ ተምራለች። የተማረችው ፊደል ምን አደረገላት?

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም ባሳተሙት በዚህ ልብ ወለድ፣ ወላጆች በልጆቻቸው ላይ የሚጭኑት ሸክም በሁለት ቤት ይታያል። በማንኩሳ የበዛብህ ወላጆች ልጃቸው ቢያድግላቸው ለቤተ ክርስቲያን ሊሰጡት ይሳላሉ፤ ሕይወቱ እሱ ሳይጠየቅ ይወሰናል። በዲማ ደግሞ ፊታውራሪ መሸሻ ሴት ልጃቸውን በዘር ሚዛን ላይ ያስቀምጧታል። ሊያጫት የመጣው ሁሉ ሲመዘን እየቀለለ ይመለሳል፤ የልጅቱ ዕድሜ ግን ይነጉዳል። አባት ኮሩ፣ ዋጋውን ልጅ ከፈለች።

ሁለቱም የወላጅ ምኞት እስረኞች ናቸው ማለት ይቻላል። ነገር ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አላቸው። በዛብህ ስለት ቢያስረውም በእጁ ሙያ አለ። ተምሯል፤ አስተምሮ ያድራል። ፊታውራሪ ቤት የገባውም በሙያው ነው። ሰብለ ያንኑ ፊደል ከእርሱው ተማረች። ለእርሱ እንጀራ የሆነው ፊደል ለእርሷ የጌታ ልጅ ጌጥ ነው፤ እንደ አንገት ሐብል። ለእርሷ የነበሩት በሮች ሦስት ብቻ ነበሩ፦ ትዳር፣ ሽሽትና ምንኩስና። የመጀመሪያው በአባቷ ኩራት ተዘጋ። ሁለተኛው በመንገድ ላይ ከሞት ጋር አገናኛት። ሦስተኛው ከመቃብር አጠገብ አደረሳት።

ይህን ስል ደራሲውን መውቀሴ አይደለም። የጻፉት ስለ ባላባቱ ዘመን ጎጃም ነው፤ በዚያ ዘመን ለፊታውራሪ ልጅ የሥራ በር ተከፍቶ ነበር ብለው ቢጽፉ ውሸት በሆነባቸው ነበር። ያን ሁሉ ሥርዓት እስከ መሠረቱ ያየው ጉዱ ካሣ እንኳ ለሰብለ የሚቆረቆርላት የወደደችውን እንድታገባ ነው። ወቀሳዬ በእኛ በአንባቢዎች ላይ ነው። ለፍቅሯ ይህን ያህል ዘመን አለቀስን፤ ስለ ፊደሏ ግን አልጠየቅንም።

መጽሐፉ በታተመበት ጊዜ ጥያቄው መልስ ማግኘት ጀምሮ ነበር። ስንዱ ገብሩ በአውሮፓ ተምረው፣ በጣልያን ወረራ ዘመን ለግዞት ተዳርገው፣ ከዚያም የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መርተዋል። በ1942 ዓ.ም «የልቤ መጽሐፍ»ን አሳትመዋል፤ በ1950 ዓ.ም ግድም ደግሞ ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነዋል። ፊደል ለሴትም እንጀራና ክብር እንደሚሆን በዓይን ታየ።

ሕጉ ግን ወደ ኋላ ቀረ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎት ነበር። አንዱ ተጋቢ የሌላውን ሥራ ለትዳር አይበጅም ብሎ ሊቃወም ይችላል ይልም ነበር። ቃሉ ለሁለቱም ይመስላል፤ በተግባር ግን የምትከለከለው ማን እንደሆነች አንባቢ ያውቀዋል። ይህ የተለወጠው በ1992 ዓ.ም የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሲወጣ ነው። የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜም ያኔ ከ15 ወደ 18 ከፍ አለ። የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ።

ከዚህ ለውጥ በፊት የሆነውን እውነተኛ ታሪክ መሠረት ያደረገው «ድፍረት» የተባለው የዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ ፊልም በ2006 ዓ.ም ለተመልካች ቀረበ። የ14 ዓመቷ ሂሩት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትጠለፋለች፤ ልታመልጥ ስትል ጠላፊዋን ትገድላለች። ጥብቅና የምትቆምላት መዓዛ አሸናፊ ናት። መዓዛ በእውነተኛው ዓለም ያሉ ሰው ናቸው፤ በ2011 ዓ.ም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሹመዋል። እዚህ ላይ ፊደሉ አደገ። የአንዲት ሴት ሙያ ለራሷ እንጀራ ከመሆን አልፎ ለሌላዋ ጋሻ ሆነ። ፊልሙ ከልብ ወለዱ አንድ ርምጃ የቀደመው በዚህ ነው።

ሆኖም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ። ሰብለ የራሷን ኑሮ ፍለጋ ከአባቷ ቤት ሸሽታ ወጣች። ሂሩት ነጻ ብትባልም የመንደሯ በር እንደ ድሮው አልተከፈተላትም። ከሁለቱም የምንማረው፣ የራሷን መንገድ የምትመርጥ ልጅ ቤተሰቧን ማጣት አለባት የሚል ነው። ታዲያ ይህ ግድ ነውን? ልጅቱ በወላጆቿ ዓይን ሥር ሆና፣ ተወዳና ተመርቃ፣ የራሷ ሰው መሆን አትችልምን?

እስኪ ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ ለሚ እንምጣ፤ ከሙከጡሪ ወደ ዓለም ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከጀማ ሸለቆ በላይ ወዳለችው የእንሳሮ ወረዳ ከተማ። እዚህም ሆነ በሌላው የሸዋና የወሎ አገር ዛሬ ስለ አንዲት ልጅ የሚጠየቀው «አገባች ወይ?» ብቻ አይደለም። «ዐረብ አገር ሄደች ወይ? ላከች ወይ?» ይባላል። ፊታውራሪ መሸሻ አልፈዋል፤ ሚዛናቸው ግን አለ፤ የተለወጠው የሚመዘነው ነገር ነው። ያኔ ዘር፣ አሁን ሐዋላ። በ2006 ዓ.ም ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዐረቢያ ሲመለሱ ብዙ እህቶቻችን በመካከላቸው ነበሩ። ከእነርሱ ስንቷን ነው «ምን ይዛ መጣች?» ብለን የተቀበልናት? «ምን ደርሶባት መጣች?» ያልነው ስንቶቻችን ነን?

በመስከረም 2017 ዓ.ም በዚሁ ወረዳ የለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ ተመርቋል። እንዲህ ያለ ሥራ ከቤት አጠገብ ሲመጣ፣ በኤሌክትሪክ ወይም በሒሳብ ሙያ የሠለጠነች ልጅ ባሕር ሳትሻገር እንጀራ የምታገኝበት ተስፋ ይኖራል፤ ሰብለ ያላገኘችው አራተኛ በር ማለት ነው። ግን ፋብሪካ ብቻውን ሚዛን አይለውጥም። ደመወዟን ወንድሟ ተቀብሎ የሚቆጥርባት ከሆነ፣ ቀጥሎ ልትማር ስትል «አሁንስ በቃሽ፣ ዕድሜሽ አለፈ» የምትባል ከሆነ፣ በሩ ተከፍቶም ደጃፉ ላይ ቆመንባታል ማለት ነው።

በእኛ በሙስሊሞች ቤት ደግሞ ሌላ ምክንያት ይጨመራል፤ «ሃይማኖታችን አይፈቅድም» ይባላል። እንዲህ የሚል አባት እናታችን ኸዲጃ (ረ.ዐ) ማን እንደነበሩ ያስታውስ። ነጋዴ ነበሩ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ንግዳቸውን ይዘው ወደ ሻም የተጓዙላቸው፣ በኋላም ለትዳር ራሳቸው የመረጧቸው ሴት ናቸው። መህርም ቢሆን የሙሽሪት ንብረት እንጂ የአባቷ ዋጋ አይደለም። የገዛ ባህላችንን በሃይማኖት ካባ አንሸፍነው።

አንባቢ ሆይ! ለወላጅ መታዘዝና ወላጅን መጦር ትልቅ ነገር ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ጥያቄው ልጅቱ የምታገለግለው እንደ ሰው ነው ወይስ እንደ ንብረት የሚለው ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ ሴት ልጅህ መጽሐፏን ዘርግታ ስታያት «መቼ ነው የምትጨርሺው?» ከማለትህ በፊት «በዚህ ትምህርት ምን መሆን ትፈልጊያለሽ?» በላት። መልሷ አንተ ያሰብከው ላይሆን ይችላል። ፊታውራሪ መሸሻ ግን ይህን አንድ ጥያቄ ልጃቸውን ጠይቀዋት ቢሆን ኖሮ፣ መጽሐፉ ሌላ ርእስ በኖረው ነበር።