ኤንትሬን በሬዚን

ከሬዚን ክፍሎች ተገጣጥሞ የሚሠራ የጭነት መኪና ሞዴል አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘነው በልኩ ነው። ልክ ግን ብቻውን ያታልላል። በ1፡24 ልኬት የ0.1 ሚሊ ሜትር ቀለም በእውነተኛው መኪና ላይ እንደ 2.4 ሚሊ ሜትር ልስን ስለሚቆጠር፣ የብሎኑን ጠርዝ ይውጠዋል። ሬዚን በሲሊኮን ቅርጽ እየፈሰሰ በጥቂት ቁጥር ስለሚወጣ ትልልቅ ፋብሪካዎች የማይደፍሩትን መኪና ለወዳጁ ያደርሳል፤ አረፋውን መድፈን፣ የተጣመመውን ማቃናት ግን የገጣሚው ዕዳ ነው።

ኢትዮጵያውያን «ኤንትሬ» የሚሉት ፊያት 682 ኤን3 ለዚህ ጥበብ ብርቱ ፈተና ነው። በጣሊያን አገር መሪው በቀኝ ይደረግ የነበረው ሾፌሩ በተራራ መንገድ የገደሉን አፋፍ እንዲያይ ነው፤ ኢትዮጵያ ደግሞ በ1964 እ.ኤ.አ. ከግራ ወደ ቀኝ ጉዞ ተሸጋግራለች። እንግዲህ ሠሪው ጋቢናውን ከመዝጋቱ በፊት የየትኛውን አገር መኪና እንደሚሠራ መወሰን ይኖርበታል።

በኪሊማኒው የኩዎና የሠዓሊዎች ሰፈር ለዓመታት የሠራው ዴኒስ ሙራጉሪ፣ ማታቱን በእንጨት ቅርጽ ሕትመት ሲያሳይ ከልኩ ይልቅ ጽሑፉን፣ ቀለሙንና የመንገዱን ግርግር አስቀድሟል። የሬዚን ሠሪዎች ከዚህ የሚቀስሙት አለ። ከፋብሪካ እንደ ወጣ ተወልውሎ የቆመ ኤንትሬ ለአውደ ርዕይ ያምራል፤ ከጅማ ቡና ጭኖ የመጣውን ግን አይመስልም። ሸራና ገመድ ብቻም አይበቃም። ካሶኒው በጆንያ ተሞልቶ ሳለ ባሌስትራው እንደ ባዶ መኪና ጎብጦ ከቀረ፣ ጭነቱ ክብደት የለውም።