ጀሪካን ማሽተት

ከመነሳታችን በፊት ባለው ማታ መንገደኞቼን ሻንጣቸውን ከፍተው እንዲያሳዩኝ እለምናቸዋለሁ። ደስ አይላቸውም። በተለይ ለገናና ለጥምቀት ከአሜሪካ የሚመጡት የእኛው ልጆች «ጉምሩክ ሆንክብን እንዴ?» ይሉኛል። የሚገኘው ግን ሁሌም ያው ነው፦ ወፍራም የመኝታ ከረጢት፣ ዝናብ የማያስገባ ድንኳን፣ ገና ከካርቶኑ የወጣ ጫማ። ሁሉም የደጋ ዕቃ ነው። ሰው ዳናክል ሊወርድ ተነስቶም የሚፈራው የለመደውን ብርድ ነው።

ድንኳኑን ሆቴል አስቀምጡት እላለሁ። አፋር ሜዳ ላይ ድንኳን ውስጥ መተኛት ምጣድ ላይ አክንባሎ ደፍቶ እንደመተኛት ነው። ፍራሽ ዘርግተን፣ አንሶላ ለብሰን፣ ሰማይ እያየን እናድራለን። ለእሳተ ገሞራው ለኤርታሌ አናት ብቻ ነፋሱ ስለሚያስቸግር ስስ ብርድ ልብስ እንጨምራለን። ጫማ ቢያንስ አንድ ወር የተረገጠ መሆን አለበት፤ የቀዘቀዘው ቅልጥ ድንጋይ እንደ ጠርሙስ ስባሪ ይቆርጣል። ዳሎል ላይ ደግሞ ከሥር የሚፈልቀው ውሃ ከባትሪ አሲድ አይተናነስምና ውድ ጫማ ያደረገ ሰው አያሳዝነኝም ብል እዋሻለሁ።

ከ2013ቱ ጦርነት በፊት መነሻችን መቀሌ ነበር። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ቁርስ በልተን፣ በበራህሌ በኩል ተጠማዝዘን ወርደን፣ ከሰዓት በኋላ ከባሕር ወለል በታች 100 ሜትር ዝቅ ብለን እንገኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙውን ጊዜ ከሰመራ፣ በአፍዴራ በኩል ነው የምንገባው። በየትኛውም መንገድ ቢገባ ሰውነት ሙቀት ለመልመድ ሳምንትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል፤ የእኔ መንገደኞች ያላቸው ጥቂት ቀን ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዳሎል ላይ የተመዘገበው አማካይ የዓመት ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ነው። ይህ እንግዲህ ቀኑም ሌሊቱም፣ ጥርም ሐምሌም አንድ ላይ ተደምሮ ተካፍሎ ነው። ስለዚህ ከኅዳር እስከ የካቲት ካልሆነ አልወስድም። በሰኔ ልሂድ የሚለኝን ሰው ቡና ጋብዤ እሸኘዋለሁ።

የአስጎብኚነት ሥራውን ስጀምር ዝግጅት ማለት ዕቃ ማሟላት ይመስለኝ ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ ዶዶም ላይ ያገኘሁት ግመል ነጂ ነው። ከዶዶም ሰፈር እስከ ኤርታሌ አናት 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሦስት፣ አራት ሰዓት ያስኬዳል። እንግዶቼ ጀምበር ስትጠልቅ አናቱ ላይ ሆነው እንዲያዩ ብዬ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ፍራሹንና ውሃውን አስጫንኩ። ግመሎቹ ተንበርክከዋል፣ ገመዱ ተጠፍሯል፣ ሰውየው ግን ሽርጡን ሰብስቦ ጥላው ሥር ቁጭ አለ። እንነሳ አልኩት። «ግመሉ ይችላል» አለኝ በተሰባበረ አማርኛ፣ «ሰውህ አይችልም።» ፀሐይዋ ሜዳውን እስክትነካ ንቅንቅ አላለም። ተናድጄ ነበር። ማታ 12 ሰዓት ላይ ወጣን፤ ሲመሽ የግንባር ባትሪያችንን አብርተን አዘገምን፤ 4 ሰዓት ሲሆን አናቱ ላይ ነበርን። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ወረድን። ዶዶም ደርሼ የተረፈውን ውሃ ስቆጥር ከቀደሙት ጉዞዎች ሁሉ የበለጠ ተርፎናል። የማታ ኪሎ ሜትርና የቀን ኪሎ ሜትር በውሃ ዋጋ አንድ አይደሉም። አሁን የጉዞ ዕቅድ ስጽፍ መጀመሪያ ሰዓቱን ነው የምጽፈው፤ የዕቃው ዝርዝር ከሰዓቱ በኋላ ይመጣል፣ ሁልጊዜም ያጥራል።

ሁለተኛው የአፋር ዝግጅት ዳጉ ነው። መሪያችን መንገድ ላይ ሰው ባየ ቁጥር መኪናው ይቆማል። ይጨባበጣሉ፣ ከዚያ ጥያቄና መልሱ ይጀመራል፦ ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ፣ የቱ ጉድጓድ ውሃ አለው፣ ማን ከማን ተጣላ። ዳጉ ላይ መዋሸት ነውር ነው። እንግዶች ሰዓታቸውን ያያሉ፤ እኔም ድሮ አይ ነበር። ጨው ሜዳው ላይ ዝናብ ወርዶ ከሆነ ከላይ ደረቅ የሚመስለው ነጭ ልባጭ መኪና ይውጣል፤ ይህን የሚነግርህ ትናንት ያለፈ ሰው ብቻ ነው። በኅዳር 2018 ኃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የአፍዴራን መንደሮች አመድ ካለበሰ ወዲህማ በአምናው መንገድ የሚተማመን ሾፌር አላየሁም።

በጥር 2004 ኤርታሌ ላይ አምስት ቱሪስቶች ከተገደሉ ወዲህ ያለ ታጣቂ አጃቢ አይወጣም። ይህንን የማነሳው ለማስፈራራት አይደለም። አጃቢውም ይጠጣል፣ ይበላል፣ ይተኛል፤ አዲስ አስጎብኚ ግን እንግዶቹን ብቻ ይቆጥራል።

ስለ ምግብ ብዙ አልልም። ከእኛ ውስጥ ረቡዕና ዓርብ የሚጾም አለ፣ መሪያችን ሙስሊም ነው፣ የሥጋ ነገር የሁለቱንም ወገን ገበታ ይለያል። ሥጋ ስለማንይዝ ሁላችንም ከአንድ ትሪ እንበላለን፦ ሽሮ፣ ምስር፣ ድንች፣ ድርቆሽ። ለመንገድ በሶና ቆሎ። የትግራይ አርሆዎች ለአሞሌ ጨው ሲወርዱ ብርኩታ ይጋግራሉ፤ የጋለ ድንጋይ በሊጥ ጠቅልለው ፍም ላይ ነው። ምጣድ መሸከም የለ፣ ምንም የለ።

በሶው ውስጥ ጨው አለ፣ ያለ ምክንያትም አይደለም። አንድ ጊዜ ጠንካራ ወጣት መንገደኛ ቀኑን ሙሉ ውሃ ብቻ ሲጠጣ ዋለ፣ ምግብ እምቢ አለ። ወደ ማታ ራሱን አመመው፣ አስመለሰው፣ ስሙን ስጠራው ዘግይቶ ይመልሳል። እኔ ደግሞ ተጨማሪ ውሃ ሰጠሁት። ስህተቱ የእኔ ነበር፤ ከላቡ ጋር ጨው ወጥቷል፣ ባዶው ውሃ የቀረውን እያቀጠነው ነበር። በዕድሜ የገፋው ሾፌራችን ውሃውን ከእጁ ቀምቶ ጨዋማ ሾርባ በትንሽ በትንሹ ሰጠው፤ ሌሊቱን ለቀቀው። ግመል ሙሉ ጨው በሚጫንበት አገር ጨው አጥቶ ሰው ሊታመምብኝ! አሁን ኦአርኤስ በየኪሱ አድላለሁ፣ ሽንታቸው ምን ዓይነት ቀለም እንዳለውም ያለ ይሉኝታ እጠይቃለሁ። ጋሼ የምላቸውን ሰው ሳይቀር። የደም ግፊት ኪኒን የሚወስዱ ካሉ ከመነሳታችን በፊት ሐኪማቸውን እንዲያማክሩ እነግራለሁ፤ አንዳንዱ መድኃኒት ራሱ ውሃ ያስወጣል።

ወደ ውሃው ልምጣ። አምስት መንገደኛ፣ ሁለት ሾፌር (መኪና ብቻውን አይሄድም)፣ ወጥ ሠሪ፣ መሪ፣ አጃቢ፣ እኔ፤ አሥራ አንድ ሰው። ለመጠጥ በነፍስ ወከፍ በቀን 6 ሊትር፣ 66። ለድስትና ለእጅ 20። ለሁለት ቀን 172፣ በላዩ ላይ ሲሶ መጠባበቂያ፣ ወደ 230 ሊትር ይሆናል። 12 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። እስከ አፉ ይሞላል፣ አየር ካለው ይናጣልና ክዳኑን ይገፋል፤ ከክዳኑ ሥር ፌስታል ይደረጋል። ለእጅ የሚያዘው በሃይላንድ ነው። የፕላስቲክ የውሃ ጠርሙስን ሁሉ በአንድ ምርት ስም ሃይላንድ እንለዋለን፤ ትርጉሙ ደጋ መሆኑን የማስታውሰው ቆላ ስወርድ ብቻ ነው። ግመል ነጂው የራሱን ይዞ ይመጣል፦ ሁለት ሃይላንድ። ለወጣም ለወረደም ይበቃዋል።

አንድ ዓመት ሁለት ጀሪካን ጎደለብኝና ልንነሳ ስንል ከአንድ ሱቅ ገዛሁ። ታጥበዋል አለኝ ባለሱቁ፤ አመንኩት። ሰፈር ደርሰን ሻይ ተፈላ፣ አንዲት እንግዳ አንድ ጊዜ ፉት ብላ «ሻዩ አውሮፕላን አውሮፕላን ይላል» አለችኝ። ነጭ ጋዝ ነበር። 40 ሊትር ውሃ ጨው ላይ ደፋን። ያቺ ሲሶ ባትኖር በማግስቱ ዳሎልን ትተን እንመለስ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ጀሪካን ከመሞላቱ በፊት ክዳኑን ከፍቼ፣ አፍንጫዬን አስገብቼ አሸታለሁ፣ አሥራ ሁለቱንም። ሾፌሮቹ ይስቁብኛል፤ «ጠጅ ነው የምትቀምሰው?» ይሉኛል። ባለፈው ጉዞ ግን ሒሳብ ልከፍል ገባ ብዬ ስወጣ አንደኛው፣ ከሁሉ በላይ የሚስቀው፣ አንገቱን ደፍቶ ሰባተኛው ላይ ደርሷል።