ማን ሆኖ ይጠይቃል? የመጀመሪያው የግል መርማሪ ልብ ወለድ ከአይከል ሲነበብ

የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ አንባቢውን የሚይዘው «ማን ገደለው?» በሚለው ጥያቄ እንደሆነ የታወቀ ነው። ተከታታይ መጻሕፍትን የሚጀምር የግል መርማሪ ልብ ወለድ ግን ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ ይህ ሰው ማን ሆኖ ነው የሰው ጓዳ ገብቶ የሚጠይቀው? ፖሊስ ሕግ አለው። ሽማግሌ ዕድሜና ከበሬታ አለው። የነፍስ አባት ሥልጣነ ክህነት አለው። የግል መርማሪው ከሦስቱ አንዱም የለውም፤ በገዛ ፈቃዱ፣ አብዛኛውን ጊዜም በገንዘብ፣ የሌላውን ገበና ሊያይ የተነሣ ሰው ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው መጽሐፍ ጥያቄው እንደተመለሰ ቆጥረው መቀጠል ይችላሉ፤ የመጀመሪያው አይችልም። እንግዲህ በር ከፋቹ መጽሐፍ ከእንቆቅልሹ አፈታት ይልቅ ለመርማሪው የመጠየቅ መብት ባስገኘበት መንገድ ሊመዘን ይገባል የሚለው የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያ ነው።

ዋናው የዳሰሳው ጽሑፍ የአሌክሳንደር ማኮል ስሚዝ «ቁጥር አንድ የሴቶች የምርመራ ድርጅት» ነው፤ ማነጻጸሪያው የአርተር ኮናን ዶይል «ኤ ስተዲ ኢን ስካርሌት»። የንባቡ ስፍራ ደግሞ አይከል ነው። የጭልጋዋ አይከል ከጎንደር ወደ መተማ በሚወርደው መንገድ ላይ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የንግድና የመተላለፊያ ከተማ ናት። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላ የሚወርደው የቀን ሠራተኛም፣ ከብት ነጋዴውም፣ የጭነት መኪናውም በመካከሏ ያልፋል። ከአስፋልቱ ወጣ ሲሉ ግን ሰው በአባቱ፣ በአያቱና በደብሩ የሚታወቅበት አገር ነው። እንዲህ ባለ ስፍራ ወንጀል አድራጊው ብዙ ጊዜ ይታወቃል፤ የሚጠፋው ወጥቶ የሚናገር ሰው ነው። መስካሪው ነገ ከተከሳሹ ወንድም ጋር አንድ ገበያ ይውላል፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል፤ ነገሩ ወደ ደም ከሄደ ዳፋው ለልጁ ይተርፋል። ስለዚህ የአይከል አንባቢ የምርመራ ልብ ወለድ ሲያነብ «መርማሪው እንዴት ደረሰበት?» ከማለቱ በፊት «ሰዎቹስ ለምን ነገሩት?» ይላል። ይህ ጥያቄ ለሁለቱም መጻሕፍት ከባድ ፈተና ነው።

ሁለት በር ከፋቾች

«ኤ ስተዲ ኢን ስካርሌት» እ.ኤ.አ. በ1887 መጨረሻ ላይ ቢተንስ ክሪስማስ አኒዋል በተባለ የገና መጽሔት ታትሞ ወጣ። ደራሲው ገና ስም ያላወጣ ሐኪም ነበር፤ የመጽሐፉን መብት የሸጠው በ25 ፓውንድ ነው። በዚህ መጽሐፍ የጀመረው ሸርሎክ ሆምስ በሦስት ተጨማሪ ረጃጅም ልብ ወለዶችና በ56 አጫጭር ታሪኮች ቀጥሏል። ዶይል ለሆምስ የሰጠው የመጠየቅ መብት ከዕውቀት የሚመነጭ ነው። ሆምስ ራሱን አማካሪ መርማሪ ብሎ ይጠራል፤ ግሬግሰን የተባለው የስኮትላንድ ያርድ ሰው በደብዳቤ ይለምነዋል እንጂ እሱ ማንንም አይለምንም። ምስክር ቢዋሽ ወይም ዝም ቢል ጭቃው፣ አመዱና የእግር ዱካው ይናገራሉ። ዕቃ ይሉኝታ የለውም፤ ጎረቤቴ ይቀየመኛል ብሎ አይፈራም። በዚህም ዶይል የአይከሉን ጥያቄ ሳይመልሰው ያልፋል፤ የእሱ መርማሪ ሰው እንዲነግረው እምብዛም አያስፈልገውምና።

መጽሐፉ ለጎንደር ሰው ሌላም ትርጉም አለው። ሆምስ በለንደን በታተመ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ በጥር 1880 ዓ.ም.፣ የአቡ አንጃ የመሐዲስት ጦር ከመተማ አቅጣጫ መጥቶ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሳር ውኃ ላይ ድል አደረገና ጎንደርን አቃጠለ። ዶይል በኋላ በጻፈው «የባዶው ቤት ጀብዱ» ሆምስ ከሞት የተረፈ መሆኑን ሲያስረዳ፣ በተሰወረባቸው ዓመታት ካርቱም ወርዶ ከሊፋውን እንደጎበኘ ይናገራል። ያ ከሊፋ ጎንደርን ያቃጠለው ጦር ጌታ ነው። ለለንደን አንባቢ ጉብኝቱ በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚያልፍ ጌጥ ነበር፤ ከጭልጋ ላነበበው ግን ሁሉን ማየት የሚችለው ዐይን ምን ምን እንዳላየ ያስታውሳል። በዕውቀት ላይ ብቻ የቆመ የመጠየቅ መብት ለሚጠየቀው ሰው ዕዳ የለበትም።

ማኮል ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1998 በኤድንብራ ያሳተመው መጽሐፍ ጉዳዩን ከሌላ በኩል ያነሣል። ደራሲው ቡላዋዮ የተወለደ፣ በቦትስዋና ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ሲቋቋም የሠራ፣ በኤድንብራ የሕክምና ሕግ ያስተማረ ምሁር ነው። ባለታሪኳ ፕሬሸስ ራሞትስዌ አባቷ ሲሞቱ የተዉላትን ከብት ሸጣ በጋቦሮኔ፣ በከጋሌ ኮረብታ ግርጌ፣ የምርመራ ቢሮ ትከፍታለች። አባትየው በሞት አልጋቸው ላይ ሥጋ ቤት ወይም መጠጥ ቤት እንድትከፍት ሲያስቡ እሷ ሐሳቧን ትነግራቸዋለች፤ መቃወማቸውን ጀምረው ሳይጨርሱት ያርፋሉ። ይህ ትዕይንት ቀልድ ይመስላል፤ በውስጡ ግን የመጽሐፉ መሠረት አለ። የምርመራው ካፒታል ከብት ነው፣ ከብቱም የአባት ላብ ነው። ከብት ለሚያረባ የጭልጋ ገበሬ ይህ ማብራሪያ አይሻም፤ የአባትን ከብት የሸጠች ልጅ በአባቷ ስም ልትጠየቅ ግድ ነው። የሆምስ መብት ከራሱ ጭንቅላት ይወጣል፤ የራሞትስዌ መብት ከዘር ሐረግ ይወረሳል።

ወደ ኋላ የሚሄደው ምዕራፍ

ዝቬታን ቶዶሮቭ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው መጣጥፍ የምርመራ ልብ ወለድ ሁለት ታሪክ እንደሚይዝ አስረድቷል፦ አንደኛው ያለፈው የወንጀሉ ታሪክ ነው፣ ሁለተኛው በፊታችን የሚካሄደው የምርመራው ታሪክ። ለበር ከፋች መጽሐፍ ግን ሦስተኛ መጨመር ያስፈልጋል፤ መርማሪው መርማሪ የሆነበት ታሪክ። ሁለቱ መጻሕፍት ይህን ሦስተኛ ታሪክ በያዙበት መንገድ ይለያያሉ።

ሁለቱም መሐል ላይ ምርመራውን አቋርጠው ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ዶይል ገዳዩ ከተያዘ በኋላ አንባቢውን ከለንደን አንሥቶ አምስት ምዕራፍ ሙሉ ዩታ በረሃ ውስጥ ያቆየዋል። እዚያ የምንሰማው የጄፈርሰን ሆፕን በቀል ምክንያት ነው። ደም የመመለስን ነገር ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ክፍል ከሆምስ ብልሃት ይልቅ ልብ ይነካል፤ ሆፕ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ በሕመም መሞቱም ደራሲው ሊፈርድበት እንዳልደፈረ ያሳያል። ማኮል ስሚዝም በሁለተኛው ምዕራፍ ትረካውን ለአባትየው ይለቃል፤ ኦቤድ ራሞትስዌ በደቡብ አፍሪካ የማዕድን ጉድጓድ ያሳለፉትን ሕይወት በራሳቸው አንደበት ይናገራሉ። አንዱ ደራሲ ያለፈውን ዘመን ለገዳዩ ሰጠ፣ ሌላው ለመርማሪዋ አባት። በሥነ ጽሑፍ ሚዛን የሁለተኛው ምርጫ ለተከታታይ ድርሰት ይበልጥ ይጠቅማል፤ የሆፕ ታሪክ ከመጽሐፉ ጋር ሲያልቅ የኦቤድ ታሪክ ልጃቸው በገባችበት ቤት ሁሉ አብሯት ይገባል።

ልጅቷ የምትሠራበትም ስልት ከዚሁ ይመጣል። በመጀመሪያው ጉዳይዋ አንድ ሰው የጠፋ አባት ነኝ ብሎ ከአንዲት ሴት ቤት ተቀምጧል። ራሞትስዌ የነርስ ልብስ ለብሳ ትሄድና ልጅህ አደጋ ደርሶባታል፣ ብዙ ደምህን መስጠት አለብህ፣ ልትሞትም ትችላለህ ትለዋለች። ሐሰተኛው አባት ይጋለጣል። ሰሎሞን በሁለቱ ሴቶች መካከል የፈረደበትን ታሪክ ከልጅነቱ የሰማ አንባቢ ይህን አፈታት ወዲያው ያውቀዋል፤ እውነት የሚወጣው ከዱካ ሳይሆን ሰው የገዛ ደሙን ሲጠየቅ ነው።

የደጋው መርማሪዎች

የሰሜኑ ደጋ ከፖሊስ በፊት መርማሪ አጥቶ አያውቅም። ሌባ ሻይ የሚባለው ሥርዓት አንዱ ነበር፤ መድኃኒት የጠጣ ልጅ ራሱን ስቶ ይነዳል፣ ወገቡ ላይ የታሰረውን መቀነት የያዙ ሰዎች ይከተሉታል፣ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይከፍላል። እዚህ ላይ ጠያቂ የለም፤ ስለዚህ ቂም የሚያዝበትም የለም። አውጫጭኝ ደግሞ ተቃራኒው ነው። የአካባቢው ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፣ ይምላል፣ ወንጀለኛው እስኪወጣ መበተን የለም፤ ካልወጣም ዕዳው የሁሉም ነው። የሚያውቅ ሰው ስሙ ሳይገለጥ ቃሉ እንዲደርስ መንገድ ይበጃል። በጭልጋና በከርከር የቅማንት ወምበሮችም ነበሩ፤ ፍሬድሪክ ጋምስት እ.ኤ.አ. በ1969 ያሳተመው ጥናት ወምበሩን የሃይማኖትም የዳኝነትም ሰው አድርጎ ያሳያል። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ምርመራውን ለፖሊስ ሰጥቶ ተጠርጣሪው መልስ ለመስጠት እንደማይገደድ ደነገገ። ዛሬም ቢሆን ዕቃ የጠፋበት ሰው ከጣቢያ በፊት አዋቂ ቤት መሄዱ ያልቀረበት ቦታ አለ።

እነዚህን ሁሉ አንድ ነገር ያገናኛቸዋል፦ ጠያቂውን ከጥያቄው ይጋርዱታል። ሌባ ሻይ ጥያቄውን ለመድኃኒት ሰጠ፣ አውጫጭኝ ለሕዝብ፣ ወምበር ለመንበሩ፣ ሕጉ ለመንግሥት። የግል መርማሪ ልብ ወለድ ግን ይህን መጋረጃ ቀዶ አንድን ሰው በስሙና በመልኩ በር ላይ ያቆማል። በደጋው ዓይን ደፋር የሆነው ግድያው ሳይሆን ይህ ነው።

የሞቹዲ ጥላ

የማኮል ስሚዝ መጽሐፍ የሚደክመውም በዚሁ ቦታ ነው። ሰዎች ለራሞትስዌ እጅግ ቶሎ ይናገራሉ። ሻይ ይቀርባል፣ ስለ ዘመድ ይጠያየቃሉ፣ እውነቱ ይወጣል። የመጽሐፉ ከባዱ ጉዳይ ለመድኃኒት ተብሎ ተሰርቋል የተባለ ልጅ ነው፤ ልጁ በመጨረሻ በሕይወት ይገኛል። ነገር ግን ራሞትስዌ በተወለደችበት በሞቹዲ እ.ኤ.አ. በ1994 አንዲት የ14 ዓመት ልጃገረድ እንዲህ ባለ ምክንያት እንደተገደለች በሰፊው ታምኗል፤ በማግሥቱ ዓመት ተማሪዎች አደባባይ ወጡ፣ ረብሻው ጋቦሮኔ ደረሰ፣ መንግሥትም ስኮትላንድ ያርድን ጠራ። የምርመራው ሪፖርት ለሕዝብ ሳይገለጥ ቀረ። በዚያች ከተማ ሰው ሁሉ ይጠይቅ ነበር፤ የጎደለው መላሽ ነው። ማኮል ስሚዝ ከአራት ዓመት በኋላ ያንን ቁስል ነክቶ በደስታ ዘጋው። የቦትስዋና የመጀመሪያዋ ሴት የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ ዩኒቲ ዳው ግን እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመችው ልብ ወለድ በዚያው ርእሰ ጉዳይ ላይ ዝምታውን ራሱን መረመረች። የማኮል ስሚዝን ቸርነት ማጣጣል አይገባም፤ ሆኖም የመጠየቅ መብትን በአባት ስም ያገኘ መጽሐፍ ያ መብት በኃያላን ደጅ ሲቆም ምን እንደሚገጥመው ማሳየት ነበረበት።

የአማርኛው መንገድ

በአማርኛ የወንጀል ልብ ወለድ ተጽፏል፣ ተተርጉሟልም። አንባቢን በሰፊው የያዘው ግን የስለላው ዘርፍ ነው። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ በአስመራ የነበረውን የስለላ ግብግብ በጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለ ማርያም ዓይን ያሳያል፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀረ። የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ»ም ጣናን ከዓለም አቀፍ ስለላ ጋር አገናኝቶ በ«ራማቶሓራ»ና በ«ዣንቶዣራ» ቀጥሏል። በእነዚህ መጻሕፍት ምስጢር ማለት የመንግሥት ምስጢር ነው፤ ጠያቂውም መንግሥትን ያገለግላል ወይም ከመንግሥት ይሸሻል። ታሪካችን ይህን ቢያስተምር አይገርምም። ግን በዚህ መሐል የጎረቤት ምስጢር፣ ማለትም የድንበር፣ የውርስ፣ የጠፋ በሬና የተካደ ልጅ ነገር፣ ደራሲ እየጠበቀ ቆይቷል።

«ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ይባላል። አይከል ላይ ተከታታይ የምርመራ ልብ ወለድ መጀመር የሚሻ ደራሲ ቢሮና ታርጋ ከመስቀሉ በፊት፣ ከልማዱ ውስጥ አስቀድሞ የመጠየቅ ፈቃድ ያለውን ሰው ቢፈልግ ይበጀዋል። ለምሳሌ ፍርድ ቤት ደጅ የሚቀመጠው ራፖር ጸሐፊ አለ። ባለጉዳይ ራሱ ይመጣለታል፤ ማመልከቻው እንዲያዝለት ስም፣ ቀን፣ ድንበርና ምስክር መናገር ግድ ይሆንበታል። በየቀኑ አዲስ ጉዳይ ስለሚገባለት ተከታታይ መጽሐፍ የሚሻው የማያልቅ ምንጭም አለው። ፈቃዱ ግን ግማሽ ነው፤ የአመልካቹን እንጂ የተከሳሹን ቃል አይሰማም። ደራሲው የሚፈተነው በዚህ ግማሽ ላይ ነው። ጸሐፊው ወንበሩን ትቶ ወደ ተከሳሹ ደጅ የሚሄድበትን ምክንያት ካሳመነን፣ ሲሄድም የሚያጣውን ካልደበቀን፣ መጽሐፉ የሆምስንም የራሞትስዌንም መንገድ ሳይዋስ በእግሩ ይቆማል።