ቡናማው ቀለም ምን ይነግረናል? በራስና አንገት ካንሰር የፕሮቲን ጠቋሚዎች ጥናት ላይ የቀረበ ሂስ

ስለ ራስና አንገት ካንሰር የሚያትሙ መጽሔቶችን በተከታታይ የሚያነብ ሐኪም አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ከአፍ፣ ከጉሮሮ ወይም ከማንቁርት ዕጢ የተወሰደ ናሙና በኢሚዩኖሂስቶኬሚስትሪ ዘዴ ይቀለማል። አንድ ፕሮቲን በብዛት ይገኛል፤ ፕሮቲኑ የተገኘባቸው ሕሙማን ቀድመው መሞታቸው ይነገራል፤ በመጨረሻም ጠቋሚው «ተስፋ ሰጪ» ተብሎ ይደመደማል። በሚቀጥለው ዓመት የፕሮቲኑ ስም ይለወጥ እንጂ የጽሑፉ ቅርጽ አይለወጥም። ፒ53፣ ሳይክሊን ዲ1፣ ኬአይ-67፣ የኤፒደርማል ግሮውዝ ፋክተር ተቀባይ፣ ሁሉም በዚሁ በር አልፈዋል። ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ ሐኪሙ በሽተኛው ፊት ቆሞ ውሳኔውን እንዲለውጥ ያደረጉት ግን እጅግ ጥቂት ናቸው።

ለዚህ ችግር ካነበብኋቸው ምላሾች ሁሉ ጠንካራ ሆኖ ያገኘሁት እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም መጽሔት የወጣው የግሪካውያኑ የኪዛስ፣ የሎይዙና የዮአኒዲስ ጥናት ነው። ሁለት አሥርት ዓመታት ቢያልፉትም ዛሬም ደግሞ ሊነበብ ይገባዋል። ጸሐፊዎቹ ለምሳሌነት የመረጡት ፒ53ን ነው። ጥያቄአቸውም ቀላል ነበር፤ በራስና አንገት ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ ፒ53 የታየባቸው ሕሙማን በእርግጥ ይበልጥ ይሞታሉን?

መጀመሪያ በመረጃ ቋቶች ውስጥ «ሞት» ወይም «በሕይወት መቆየት» በሚል ርእስ የተመዘገቡ 18 ጥናቶችን ሰበሰቡ፤ በድምሩ 1,364 ሕሙማን ናቸው። እያንዳንዱ ጽሑፍ ለራሱ የመረጠውን ትርጓሜ እንዳለ ሲቀበሉት አንጻራዊው የሞት ስጋት 1.38 ሆነ። ለሁሉም አንድ ዓይነት ትርጓሜ ሲያወጡ ወደ 1.27 ወረደ። ቀጥለውም ታትመው ሳለ በዚያ ርእስ ሥር ያልተመዘገቡ 13 ጥናቶችን ጨመሩ፤ 1.23 ሆነ። በመጨረሻ ለተመራማሪዎች እየጻፉ በመሳቢያ የቀረ መረጃ ከ11 ጥናቶች አስመጡ። ስጋቱ 1.16 ላይ ቆመ፤ የ95 ከመቶ የመተማመኛ ክልሉም ከ0.99 እስከ 1.35 ስለሆነ ልዩነት አለ ብሎ መናገር የማይቻልበት ደረጃ ላይ ደረሰ።

አንባቢ ይህን ቁልቁለት ልብ እንዲለው እፈልጋለሁ። አንድም አዲስ ሕመምተኛ አልታከመም፤ አንድም አዲስ ስላይድ አልተቀለመም። የተለወጠው የተደበቀው መውጣቱና መለኪያው አንድ መሆኑ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ተመራማሪ ዋሽቷል ማለት አይደለም። ዐሥር ከመቶ ህዋስ ሲቀለም «ፖዘቲቭ» ልበል ወይስ ሃምሳ ከመቶ ሲቀለም? ክትትሉ ሁለት ዓመት ይሁን ወይስ አምስት? ውጤቱን አይቶ ከብዙ መቁረጫዎች አንዱን የመረጠ ሰው፣ በቅንነት ቢሆንም፣ የሚፈልገውን ያገኛል። ምንም ያላገኘው ደግሞ ጽሑፉን ወደ መሳቢያው ይመልሰዋል።

ይሁን እንጂ ጥናቱ ሳይነካው ያለፈው አንድ ነገር አለ። ጸሐፊዎቹ የመረመሩት የዘገባውን ጉድለት ነው፤ ቀለሙ ራሱ የሚለካው ምንድን ነው የሚለውን ጥያቄ ብዙም አልተከተሉትም። ጤናማው ፒ53 በህዋስ ውስጥ ፈጥኖ ስለሚፈርስ በማይክሮስኮፕ እምብዛም አይታይም። ዘረ መሉ አንድ ፊደል ብቻ የተለወጠበት ፕሮቲን ብዙውን ጊዜ ሳይፈርስ ይከማቻል፤ ኒውክሊየሱንም ቡናማ ያደርገዋል። ዘረ መሉ ፈጽሞ የተቆረጠበት ዕጢ ግን ፕሮቲኑን ስለማያመርት ምንም ቀለም አያሳይም። እንግዲህ «ኔጋቲቭ» በሚለው ሣጥን ውስጥ ጤናማው ፒ53 ያለው ዕጢና ፒ53ን ጨርሶ ያጣው ዕጢ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሣጥን ስለ ዕድሜ ምን ሊተነብይ ይችላል? እ.ኤ.አ. በ2007 ፖኤታና ባልደረቦቻቸው በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን ያወጡት ሥራ ይህን ያጠናክራል። እነርሱ ቀለሙን ትተው ዘረ መሉን በ420 ሕሙማን ላይ አነበቡ፤ በ224ቱ ለውጥ አገኙ። የፕሮቲኑን ሥራ የሚያፈርስ ከባድ ለውጥ ያለባቸው ሕሙማን የሞት ስጋታቸው ወደ 1.7 እጥፍ ከፍ ብሎ ታየ። ጥፋቱ የፒ53 ሳይሆን የመለኪያችን ነበር ቢባል ስሕተት አይመስለኝም።

ይህ የቤተ ሙከራ ክርክር ብቻ እንዳልሆነ የተማርሁት ሬዚደንት ሳለሁ ነው። ከገጠር የመጡ አንድ አዛውንት የማንቁርት ዕጢና የአንገት እባጭ ነበረባቸው። ካንሰር መሆኑ በተለመደው ምርመራ ተረጋግጦ ሳለ፣ ያነበብሁትን በሥራ ለማዋል ጓጉቼ ፒ53 እንዲሠራላቸው አዘዝሁ። ናሙናው ወደ ውጭ አገር ተላከ፤ ልጃቸው ሁለት በሬ ሸጦ ከፈለ። ከሳምንታት በኋላ ወረቀቱ «60 ከመቶ ፖዘቲቭ» ብሎ መጣ። ልጁ «ዶክተር፣ ታዲያ አሁን ለአባባ ምን ይደረግላቸው?» አለኝ። የምመልሰው አልነበረኝም፤ ውጤቱ ኔጋቲቭ ቢሆንም ያው ቀዶ ጥገናና ያው ጨረር ነበርና። በዚያ ጥበቃ ውስጥ ትንፋሻቸው ጠቦ በድንገት ትራኪዮስቶሚ ተሠራላቸው። ያዘዝሁት እኔ ነኝ፤ ማንንም አልወቅስም።

በአንጻሩ ፒ16 ከዚህ ሰልፍ ውስጥ ራሱን የለየ ጠቋሚ ነው። ምክንያቱም ግልጽ የሆነ አሠራር አለው። በኦሮፋሪንክስ፣ ይኸውም በቶንሲልና በምላስ ሥር፣ ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ካንሰር ሲያስነሣ ኢ7 የተባለው የቫይረሱ ፕሮቲን የሬቲኖብላስቶማን ፕሮቲን ከሥራ ያወጣዋል፤ ያን ጊዜ ፒ16 ልጓም አጥቶ ይከማቻል። አንግና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2010 እንዳሳዩት ቫይረሱ ካለባቸው የኦሮፋሪንክስ ካንሰር ሕሙማን 82.4 ከመቶ፣ ከሌለባቸው ደግሞ 57.1 ከመቶ ሦስት ዓመት በሕይወት ቆይተዋል። ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ስምንተኛው የአሜሪካ የካንሰር ደረጃ አመዳደብም ፒ16ን መለያ አድርጎታል።

ነገር ግን የተሳካለት ጠቋሚ የራሱን ፈተና ይዞ ይመጣል። ፒ16 ፖዘቲቭ የሆኑት ሕሙማን የሚሻላቸው ከሆነ መርዛማውን ሲስፕላቲን በሴቱክሲማብ ብንተካላቸውስ ተባለ። ሐሳቡ ርኅሩኅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ በሆነው የአውሮፓ ሙከራ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ በሕይወት የቆዩት በሲስፕላቲን 97.5፣ በሴቱክሲማብ 89.4 ከመቶ ሆነው ተገኙ፤ በዚያው ጊዜ የወጣው የአሜሪካው ሙከራም በዚያው አቅጣጫ መሰከረ። ጠቋሚው የተነበየው የበሽታውን ጠባይ እንጂ የትኛው መድኃኒት ሊቀነስ እንደሚችል አልነበረም። ሁለቱን መለየት በየጉባኤው ይነገራል፤ በሥራ ላይ ግን ይረሳል።

ሌላው ስሕተት ፒ16ን ቫይረሱ ራሱ አድርጎ መቁጠር ነው። መሃናና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2023 በላንሴት ኦንኮሎጂ የ7,654 ሕሙማንን መረጃ አቀናጅተው ሲያጠኑ በ9.2 ከመቶዎቹ የፒ16ና የቫይረሱ ምርመራ አልተስማሙም። ሁለቱም ፖዘቲቭ ከሆኑት 81.1 ከመቶ አምስት ዓመት ሲቆዩ፣ ፒ16 ብቻ ፖዘቲቭ ከሆኑት የቆዩት 54.7 ከመቶ ናቸው። ከሁሉ በላይ ትኩረቴን የሳበው ግን ቫይረሱ ለካንሰሩ ያለው ድርሻ አነስተኛ በሆነበት አካባቢ ፒ16 ይበልጥ ማሳሳቱ ነው። ትምባሆና አልኮል ዋነኛ መንስኤ በሆኑበት ቦታ አንድ ቡናማ ስላይድ የሚሰጠው ዋስትና ያንሳል ማለት ነው።

መረጃው የተሰበሰበው ከዘጠኝ የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ አገሮች ነው፤ አፍሪካውያን ሕሙማን በስፋት የተካተቱበት አይደለም። ስለዚህ በእኛ የፓቶሎጂ ክፍል ፒ16 ሲነበብ ቢያንስ ሦስት ነገር በሪፖርቱ ላይ እንዲሰፍር እጠይቃለሁ፤ ናሙናው ከየትኛው ቦታ እንደተወሰደ፣ ከህዋሶቹ ስንት ከመቶው በኒውክሊየስም በሳይቶፕላዝምም እንደቀለመ (70 ከመቶ የተለመደው መቁረጫ ነው)፣ እንዲሁም የቫይረሱ ዘረ መል በቀጥታ ተፈልጎ እንደሆነና እንዳልሆነ። ከማንቁርት ወይም ከአፍ ለተወሰደ ናሙና ግን ፒ16ን እንደ ልማድ ማዘዝ ቢቀር፣ የአንድ ቤተሰብ በሬዎች በበረታቸው ይቆያሉ።